የተፈጥሮ ማዳበሪያ ወይስ የፋብሪካ? የአፈርን ሒሳብ የማወራረድ ጉዳይ

የእርሻ መሬትን ለምነት በምን ዓይነት ግብዓት መጠበቅ ይገባል የሚለው ጥያቄ የግብርና ባለሙያዎችን ለረጅም ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። በአንድ በኩል የቆሙት ወገኖች በፋብሪካ የተመረተ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ መድኃኒት አፈርን የሚያዳክም፣ ውኃን የሚበክልና አርሶ አደሩን ለዕዳ የሚዳርግ በመሆኑ ፊትን ወደ ኦርጋኒክ ግብርና ማዞር እንደሚገባ ያሳስባሉ። በሌላ በኩል ያሉት ደግሞ በየዓመቱ እየጨመረ የሚሄደውን ሕዝብ በፍግና በኮምፖስት ብቻ መቀለብ እንደማይቻል በመጥቀስ የዘመናዊ ግብዓት አቅርቦት ሊሰፋ እንጂ ሊቀንስ አይገባም ይላሉ።

ክርክሩ በጉባዔ አዳራሽ ሲካሄድ በመርህ ደረጃ ብቻ ሊቆይ ይችላል። ወደ ወረዳና ዞን ዕቅድ ሲወርድ ግን ወደ ቁጥር ይለወጣል። ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ይሰራጭ፣ ስንት ሜትር ኩብ ኮምፖስት ይዘጋጅ፣ የትኛው ቀበሌ የትኛውን ይጠቀም የሚሉት ውሳኔዎች የአርሶ አደሩን ቤተሰብ የዓመት ቀለብ የሚወስኑ ናቸው። በአገር ውስጥና በውጭ የተገኙት ተሞክሮዎች ሲመረመሩ፣ ሁለቱን መንገዶች እንደ ተፃራሪ ጎራዎች ከማየት ይልቅ ከአፈሩ የሚወጣውንና ወደ አፈሩ የሚመለሰውን ንጥረ ነገር በየማሳው ማመዛዘን የሚበጅ መሆኑን ያመለክታሉ።

ከማሳው የሚወጣውና የሚመለሰው

እንደሚታወቀው ሰብል ታጭዶ ወደ ጎተራ ሲገባ የአፈሩ ሀብትም አብሮት ይሄዳል። የስንዴ ፍሬ ከክብደቱ ሁለት በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው ተብሎ ቢሰላ፣ ከአንድ ሄክታር 30 ኩንታል የሚሰበስብ አርሶ አደር በፍሬው ብቻ 60 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን ከማሳው ያወጣል። ገለባው ለከብት መኖ ሲወሰድ ጉድለቱ ይጨምራል። የከብቱ ፍግ ወደ ማሳው የሚመለስ ቢሆን የጉድለቱ ከፊል ይተካ ነበር። ደን በተመናመነባቸው የደጋ አካባቢዎች ግን ፍጉ ኩበት ሆኖ በምድጃ ይነዳል፤ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር በንኖ ይጠፋል፤ አፈሩን የሚያለሰልሰውና ውኃ እንዲይዝ የሚያደርገው ብስባሽም ወደ አመድነት ይለወጣል።

ለበርካታ ዓመታት ለአርሶ አደሩ በአንድ ወጥነት ሲሰጥ የነበረው ምክር በሄክታር 100 ኪሎ ግራም ዳፕና 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ የሚል ነበር። ዳፕ 18 በመቶ፣ ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሚይዙ በዚህ መጠን ወደ ማሳው የሚገባው ናይትሮጅን 64 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህንኑ መጠን በደረቅ ክብደቱ አንድ በመቶ ናይትሮጅን በያዘ ኮምፖስት ለመተካት 64 ኩንታል ደረቅ ኮምፖስት ያስፈልጋል። አንዲት አህያ በአንድ ጉዞ ግማሽ ኩንታል ብትጭን ከጉድጓዱ እስከ ማሳው 128 ጊዜ መመላለስ ይኖርባታል ማለት ነው። ኮምፖስቱ እርጥበት የያዘ በመሆኑ ትክክለኛው ሸክም ከዚህም ይበልጣል። በዚያ ላይ በኮምፖስት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በመጀመሪያው ዓመት ለሰብሉ የሚደርሰው በከፊል ብቻ ሲሆን ቀሪው በሚቀጥሉት ዓመታት ቀስ በቀስ የሚለቀቅ ነው።

ይህ ስሌት ኮምፖስትን ለማጣጣል የሚቀርብ አይደለም። ኮምፖስት ዩሪያ የማይሰጠውን ይሰጣል፤ አፈሩ የዝናብ ውኃ እንዲይዝ፣ በቀላሉ እንዳይሸረሸርና በውስጡ ያሉት ደቃቅ ሕይወታውያን እንዲበራከቱ ያደርጋል። ስሌቱ የሚያሳየው ግን የተፈጥሮ ማዳበሪያ ያለ ወጪ የሚገኝ ነው የሚለው አነጋገር ትክክል አለመሆኑን ነው። ወጪው በብር ሳይሆን በጉልበት፣ በመኖና በማገዶ የሚከፈል ነው።

በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚካሄደው የስንዴ ሙከራ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። በዚያ ማሳ ላይ ፍግ ብቻ የሚያገኘው መደብ በቂ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ከሚያገኘው ጋር የሚቀራረብ ምርት ሲሰጥ ኖሯል። የፍጉ መጠን ግን በየዓመቱ በሄክታር 35 ቶን፣ ማለትም 350 ኩንታል ነው። ፍግ ብቻውን ብዙ ምርት ሊያስገኝ እንደሚችል ይህ ሙከራ ካረጋገጠ ወዲህ ጥያቄው ያን ያህል ፍግ ከየት ይገኛል ወደሚለው ይሸጋገራል።

ከትግራይ ማሳዎች የተገኘ ትምህርት

በኢትዮጵያ በኮምፖስት ላይ ከተካሄዱት ሥራዎች በስፋት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ የተጀመረው ነው። ሥራውን የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከክልሉ ግብርና ቢሮና ከአርሶ አደሮች ጋር በመተባበር ያከናወነው ሲሆን፣ የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ ከዋነኞቹ አንቀሳቃሾች መካከል ነበሩ። ዶክተር ተወልደብርሃን ለረጅም ዓመታት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን የመሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ማግኘታቸውም ይታወሳል።

ከአክሱም አካባቢ እስከ ሐሸንጌ ሐይቅ ዳርቻ ባሉ መንደሮች የተሰበሰበው የምርት መረጃ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2007 ለንባብ በቅቷል። ኮምፖስት ያገኙ ማሳዎች ምንም ግብዓት ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ በአብዛኛው እጥፍ የሚጠጋ ምርት የሰጡ ሲሆን፣ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ካገኙትም በብዙዎቹ ሰብሎች በልጠው ተገኝተዋል።

ውጤቱ በአግባቡ ሊነበብ ይገባዋል። በእነዚያ መንደሮች ኮምፖስት ብቻውን አልገባም። እርከን ተሠርቷል፣ የጎርፍ መከላከያ ክትር ተገንብቷል፣ ልቅ ግጦሽ ተገድቧል፣ ለመኖና ለአፈር ልምላሜ የሚረዱ ዛፎች ተተክለዋል። ዝናብ አጥሮ በሚቆምበትና አፈሩ በተራቆተበት አካባቢ ሰብሉን ቀድሞ የሚጎዳው የናይትሮጅን ሳይሆን የውኃ እጥረት በመሆኑ፣ እርጥበት የሚያቆይ አፈር የተሻለ ምርት መስጠቱ የሚጠበቅ ነው። በአንጻሩ በእርጥበት እጥረት በሚጠቃ ማሳ ላይ የተጨመረ ዩሪያ ሰብሉ ሳይጠቀምበት ሊቀር ይችላል፤ ዕዳው ግን ይከፈላል። በመሆኑም የትግራዩ ተሞክሮ መሰል የአየር ጠባይ ላላቸው አካባቢዎች ሁሉ ጠቃሚ ሲሆን፣ ዝናብ በብዛት በሚዘንብባቸው የአርሲ ስንዴ አብቃይ ወይም የምዕራብ ጎጃም በቆሎ አብቃይ ወረዳዎች እንዳለ ተገልብጦ የሚሠራ አይደለም።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የተደረጉ ንጽጽሮችም ተመሳሳይ መልእክት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ የኦርጋኒክ እርሻ ምርት ከመደበኛው ዝቅ እንደሚል፣ የልዩነቱ መጠን ግን እንደየሁኔታው እንደሚለያይ አመልክቷል። ልዩነቱ በዝናብ በሚለሙ ጥራጥሬዎችና ቋሚ ተክሎች ረገድ 5 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱ አሠራሮች ይበልጥ ተመጣጣኝ በሆኑባቸው ንጽጽሮች እስከ 34 በመቶ ይደርሳል። ይህም አንድ አማካይ ቁጥር ይዞ ለአንድ አገር ሙሉ መወሰን አስቸጋሪ መሆኑን ያሳያል።

በአንድ ሌሊት የተደረገ ለውጥ መዘዝ

የስሪ ላንካ ተሞክሮ ለፖሊሲ አስፈጻሚዎች ትልቅ ትምህርት የሰጠ ነው። የዚያች አገር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደይ ወራት የሰው ሠራሽ ማዳበሪያና የፀረ ተባይ መድኃኒት ግዢን ከውጭ እንዳይገባ በማገድ መላውን ግብርና ወደ ኦርጋኒክ ለማሸጋገር ወሰነ። የውጭ ምንዛሪ እጥረትም ለውሳኔው ምክንያት ከሆኑት መካከል ነበር። የሚተካው የተፈጥሮ ማዳበሪያ በሚፈለገው መጠን ባለመዘጋጀቱ የሩዝና የሻይ ምርት አሽቆለቆለ፤ በሩዝ ራሷን ችላ የቆየችው አገር ከውጭ ለመግዛት ተገደደች። እገዳው በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ በአብዛኛው ተነሣ። በ2022 የተከሰተው የኢኮኖሚ ቀውስ ሌሎች በርካታ መንስኤዎች የነበሩት ቢሆንም፣ የማዳበሪያው ውሳኔ የአርሶ አደሩን ችግር እንዳባባሰው አያጠያይቅም።

ከዚህ የሚቀሰመው ትምህርት የተፈጥሮ ማዳበሪያ አይሠራም የሚል አይደለም። ለም አፈር በትእዛዝ የሚገኝ አይደለም፤ የአፈር ብስባሽ ተገንብቶ ውጤት እስኪያሳይ ዓመታት የሚወስድ ሲሆን፣ የሚበላ ሰው ግን በየቀኑ አለ። ሽግግር ካስፈለገ ተተኪው ግብዓት በቅድሚያ ተዘጋጅቶ በየሰብሉና በየአካባቢው ተሞክሮ መካሄድ ይኖርበታል።

የፋብሪካ ማዳበሪያ ገደብ

በሌላ በኩል በፋብሪካ ማዳበሪያ ላይ ብቻ መተማመንም የራሱ አደጋ አለው። በአርሲ ጭላሎ በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው ካዱ የተባለው የልማት ፕሮጀክት ማዳበሪያን ለአነስተኛ አርሶ አደሮች ካስተዋወቀበት ጊዜ ጀምሮ የአጠቃቀሙ መጠን እየጨመረ መጥቷል። በቅርብ ዓመታት አገሪቱ በየዓመቱ ከ10 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ከውጭ ስትገዛ ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ባስከተለው የዓለም ገበያ መናጋት የአንድ ኩንታል ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሲንር፣ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት የተነሣ ጦርነት የአርሶ አደሩን ጓሮ ሊያንኳኳ እንደሚችል ታይቷል።

ይህንን ጥገኝነት ለመቀነስ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም በሶማሌ ክልል ጎዴ በ2 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። ፋብሪካው የካሉብና የሂላላን የተፈጥሮ ጋዝ ተጠቅሞ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን እንዲያመርት ታቅዷል። ውጥኑ ሲሳካ የውጭ ምንዛሪ ወጪን እንደሚያቃልል የታመነ ነው። ይሁንና ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ የያዘ በመሆኑ የአፈሩን ሕመም ሁሉ የሚፈውስ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የአገር አቀፍ የአፈር ካርታ ሥራ በብዙ አካባቢዎች አፈሩ ከናይትሮጅንና ከፎስፎረስ በተጨማሪ ሰልፈር፣ ዚንክና ቦሮን እንደሚጎድለው አሳይቷል። ዳፕ ሰልፈር በያዘው ኤን ፒ ኤስ የተተካውም በዚሁ መነሻ ነው። ከዚህ የከበደው ችግር የአፈር ኮምጣጣነት ሲሆን፣ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በዚህ እንደሚጠቃ ይገመታል። በኮምጣጣ አፈር ውስጥ አርሶ አደሩ በገንዘቡ ገዝቶ የጨመረው ፎስፎረስ በአሉሚኒየምና በብረት ተይዞ ሰብሉ ሳይደርሰው ይቀራል፤ ዩሪያን ዓመት ከዓመት መደጋገምም ኮምጣጣነቱን ያባብሳል። በወለጋና በጎጃም ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚታየው ዓይነት በእንዲህ ያለ መሬት ቅድሚያ የሚያስፈልገው ኖራ እንጂ ተጨማሪ ማዳበሪያ አይደለም። ኖራ ደግሞ በሄክታር በርካታ ኩንታል የሚጠይቅ ከባድ ጭነት በመሆኑ ማነቆው ከእውቀት ይልቅ ትራንስፖርቱ ነው።

በፀረ ተባይ መድኃኒት ረገድም ታሪኩ ጥንቃቄን ያስተምራል። በአገሪቱ መጋዘኖች ጊዜ ያለፈባቸው ከ1 ሺህ 500 ቶን በላይ መድኃኒቶች ተከማችተው ስለነበር በ1990ዎቹ በከፍተኛ ወጪ ተጭነው ወደ ፊንላንድ በመላክ እንዲወገዱ ተደርጓል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 የወጣውም ይህን መሰል ችግር እንዳይደገም ለማድረግ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2010 ኩብሳና ገለማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ያጠቃው ቢጫ ዋግ ሲዛመት፣ ፈንገስ ማጥፊያ በወቅቱ ያላገኙ ማሳዎች ለከፍተኛ ጉዳት ተጋልጠው ነበር። ዘላቂው መፍትሔ የተገኘው በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በማውጣትና በማሰራጨት ሲሆን፣ ይህም ለሁለቱም የአስተራረስ ዓይነቶች እኩል የሚያገለግል ሥራ ነው።

ኦርጋኒክ የሚያዋጣበት ገበያ

ኢትዮጵያ በኦርጋኒክ ግብርና የላቀ ዕድል ያላት በቡና ነው። የአገሪቱ የደን፣ የከፊል ደንና የጓሮ ቡና በአብዛኛው ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል ሲሆን፣ ከዛፉ የሚረግፈው ቅጠል ራሱ ማዳበሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንና ሌሎች ዩኒየኖች የኦርጋኒክ የምስክር ወረቀት በማግኘት የተሻለ ዋጋ ለሚከፍሉ ገዢዎች ሲያቀርቡ ቆይተዋል። መንግሥትም የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓትን ለመዘርጋት አዋጅ ቁጥር 488/1998 አውጥቷል።

ነገር ግን ማዳበሪያ አለመጠቀም ብቻውን ምርትን ኦርጋኒክ አያሰኝም። ገዢው የሚከፍለው ለማስረጃው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ውስጥ የፀረ ተባይ ቅሪት በማግኘቷ ግዢዋን ባስተጓጎለችበት ወቅት፣ የብክለቱ ምንጭ ማሳው ሳይሆን ቡናው የታሸገበት ጆንያ ሳይሆን እንዳልቀረ ተገልጿል። አርሶ አደሩ መድኃኒት ሳይነካው ያመረተው ቡና በማሸጊያው ምክንያት ገበያ ሊያጣ እንደሚችል ይህ አጋጣሚ አስተምሯል።

አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2018/848 አዲስ ግዴታ አምጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለውና ከኅብረቱ ውጭ ላሉ አምራቾች የመሸጋገሪያ ጊዜ ሰጥቶ የቆየው ይህ ደንብ፣ በጋራ የምስክር ወረቀት የሚያገኝ የአምራቾች ቡድን የራሱ ሕጋዊ ሰውነት እንዲኖረውና አባላቱ ከ2 ሺህ እንዳይበልጡ ይደነግጋል። ከዚህ የበለጠ አባላት ያሉት ማኅበር ወደ አነስተኛ ቡድኖች መደራጀት፣ የየአባሉን ማሳ መመዝገብና የውስጥ ቁጥጥር ሥርዓት ማደራጀት ይኖርበታል። የኅብረት ሥራ ማደራጃ ጽሕፈት ቤቶች ይህንን ሥራ በወቅቱ ካላገዙ፣ በማሳ ላይ ያለው የኦርጋኒክ ሀብት በወረቀት ጉድለት ምክንያት እንደ ተራ ምርት ሊሸጥ ይችላል።

በገበያ ልዩ ዋጋ በማያገኙት በጤፍ፣ በስንዴና በበቆሎ ረገድ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። አርሶ አደሩ በሄክታር የሚያጣውን ምርት የሚያካክስለት ገዢ የለም። በነዚህ ሰብሎች የሚያዋጣው ሁለቱን ማጣመር ነው፤ ብስባሽ ያለው አፈር የተጨመረለትን ዩሪያ ይዞ ለሰብሉ ያደርሳል፣ የተራቆተ አፈር ግን ለጎርፍ ይሰጠዋል። ስንዴን ከባቄላ ወይም ከሽምብራ ጋር ማፈራረቅም ናይትሮጅንን ከአየር ወደ አፈር የሚያስገባ በመሆኑ በአህያ የማይጫንና በመርከብ የማይመጣ ማዳበሪያ ነው።

ከዕቅድ አዘጋጆች የሚጠበቀው

ከላይ የተዘረዘሩት ነጥቦች ወደ አስተዳደር ሥራ ሲተረጎሙ በርከት ያሉ ተግባራትን ይጠይቃሉ። በመጀመሪያ ደረጃ የዕቅድ አፈጻጸም መለኪያው ሊፈተሽ ይገባል። የተቆፈረ የኮምፖስት ጉድጓድ ብዛትና የተሰራጨ ማዳበሪያ ኩንታል በሪፖርት ላይ ለመቁጠር የሚመቹ ቢሆኑም አፈሩ መሻሻሉን አያሳዩም። በጉድጓዱ የተዘጋጀው ኮምፖስት ማሳው ላይ መድረሱ፣ ማዳበሪያውም ከአፈሩ ፍላጎት ጋር መጣጣሙ የሚታወቀው በአፈር ምርመራና በምርት ልኬታ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ኮምፖስት የሚዘጋጅበት ምቹ ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ ለምለም ቅጠልና እርጥበት ገና ሳይጠፉ፣ በመስከረምና በጥቅምት ወራት ነው። በበጋው መጨረሻ የሚደረግ ዘመቻ ደረቅ ገለባ ከመከመር ያለፈ ውጤት አያስገኝም። የልማት ሠራተኞች የሥራ መርሐ ግብር ከዚህ ጋር ሊጣጣም ይገባዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ጉዳዩ የግብርና ጽሕፈት ቤት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። አንዲት እናት ኩበቱን ትታ የምታነደው ሌላ ማገዶ ካላገኘች ፍጉ ወደ ማሳው ሊመለስ አይችልም፤ ስለ ኮምፖስት ጥቅም የሚሰጥ ትምህርትም ምድጃውን አያሞቅም። ስለዚህ የማገዶ ዛፍ ተከላ፣ የተሻሻለ ምድጃና የባዮጋዝ ሥራዎች ዋነኛ የማዳበሪያ ሥራዎች ጭምር ናቸው። ባዮጋዝ በተለይ ጋዙን ለምድጃ፣ ዝቃጩን ለማሳ ስለሚሰጥ ሁለቱን ፍላጎቶች ያስታርቃል። የኢነርጂ፣ የግብርና፣ የመንገድና የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤቶች የየራሳቸውን ዕቅድ ለየብቻ ሲያዘጋጁ የሚቀረው ክፍተት ያው የአፈሩ ጉድለት ነው።

ኦርጋኒክ ወይስ መደበኛ የሚለው ጥያቄ አንድ አገር አቀፍ መልስ የለውም። በጅማና በጌዴኦ የቡና ጥላ ሥር መልሱ አንድ ነው፤ በተራቆተ የሰሜን ተዳፋት ሌላ፣ በወለጋ ኮምጣጣ አፈር ደግሞ ሌላ። የየወረዳው የማዳበሪያ ፍላጎት ለቀጣዩ የምርት ዘመን ተሰብስቦ ወደ ዞን ከመላኩ በፊት፣ ከእያንዳንዱ ቀበሌ አፈር ምን እንደወጣና ምን እንደተመለሰለት የሚጠየቅ ከሆነ ክርክሩ ከአዳራሽ ወጥቶ መፍትሔ በሚገኝበት በማሳው ላይ ይሆናል።